ኦገስት ላይ ከእናትና ከልጆች ጋር ቬጋስ፦ ማይሉን ተዉት፣ ሰዓቱን ቁጠሩ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ትንሽ ረዘም አርጌ ልመልስልሽ። ሌላ የሚያነብ ሰው እንዲገባው የጠየቅሽውን ባጭሩ ላስቀምጥ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ናችሁ፣ በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት አራት ሌሊት ቬጋስ ልታድሩ ነው፣ ሆቴሉ ተከፍሏል አይመለስም። አንቺ፣ ባልሽ፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች፣ ከዛ ደግሞ ደም ግፊት ያለባቸው የ67 ዓመት እናትሽ፣ እሳቸው ፍልሰታን ይጾማሉ። ቁማር የሚጫወት የለም ("ባለቤቴ 100 ዶላር ልሞክር ይላል" ያልሽውን አልረሳሁም)። ሬንታል መኪና ይዘን ሁቨር ዳምን፣ ግራንድ ካንየንን፣ ዴዝ ቫሊንና ቫሊ ኦፍ ፋየርን እናዳርሳለን ወይ ነው ነገሩ።

አታዳርሱም። ካርታው ላይ ይቻላል፣ ሁሉም ቬጋስ ዙሪያ የተኮለኮለ ይመስላል፣ ግን ካርታው ኦገስት መሆኑን አያውቅም። እኔ እዚ ከተማ 16 ዓመቴ ነው፣ 9ኙን ታክሲ ነዳሁ፣ ከዛ ወዲህ የቱሪስት ቫን ላይ ነኝ፣ እና በየዓመቱ ኦገስት ላይ አንድ አይነት ቤተሰብ ነው የማየው፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሜዳ በረሃ መሃል አባት ካርታ ይፈልጋል፣ እናት ልጅ ፊት ላይ ውሃ ታፈሳለች፣ አያት መኪና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ።

(ያ 7 ሰዓት በኛ ነው፣ በነሱ 1 ሰዓት። ከዚ በኋላ ግን እንዳይምታታብሽ ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ ነው የምጽፈው።)

ሙቀቱን በደንብ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም የዲሲ ሰው "እኛም ጋ ይሞቃል" ይላል። እዚ ኦገስት ላይ 105 ዲግሪ ፋራናይት ተራ ቀን ነው። በ2024 ጁላይ 7 ላይ 120 ገባ፣ በሴልሺየስ 49 ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ከተማው እስከዛሬ ከመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። እናንተ ጋ ያለው ሙቀት ያልባል፣ ልብስ ይጣበቃል፣ ሰው ቶሎ ይማረርና ይገባል። እዚ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳታዪው ይጠፋል፣ ከበር ስትወጪ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመታው አይነት ነው፣ እንፋሎቱ ብቻ የለም። አላበኝም ስለዚ ደህና ነኝ ብሎ የሚሞኘው ብዙ ነው፣ ራስ ምታቱ ሲጀምር ነው የሚባንነው።

አንዴ ከዳላስ የመጡ ያበሻ ቤተሰብ ይዤ ቫሊ ኦፍ ፋየር ሄድኩ፣ ጁላይ ነው፣ በረራቸው ዘግይቶ ነው እንጂ እኔ በዛ ሰዓት አልወስድም ነበር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። አያትየው ጥቁር የቤተክርስቲያን ጫማ ነበር ያደረጉት። ከመኪናው ወርደን ሃያ እርምጃ እንኳን አልሄድንም፣ የግራ ጫማቸው ሶል ሙጫው ቀልጦ አሸዋው ላይ ቀረ፣ እሳቸው በላዩ ብቻ መራመድ ቀጠሉ። ዞር ሲሉ ሶሉ ኋላቸው ተኝቷል። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ግን እግራቸውን አንስተው መኪናው ውስጥ እስኪያስገቡ ድረስ ውስጥ እግራቸው ቀልቷል። ልጆቹ ፎቶ ሊያነሱ ሲሉ ደግሞ ስልኮቹ ሞቀን ብለው ጠፉ፣ ካርታውም አብሮ ሄደ።

ስለዚ ዕቅዱን በቦታ አታውጪው፣ በሰዓት አውጪው። ከንጋት እስከ 9፡30 ገደማ በረሃው የናንተ ነው። ከ10 እስከ 6 ጣራ ስር ወይ ፑል ውስጥ፣ ካልሆነም ተራራ ላይ ትሆናላችሁ። ከመሸ በኋላ ስትሪፑ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች የተደረደሩበት ዋናው ጎዳና። በዚ ካሰብሽው አራት ቀኑ ይበቃል፣ እንደውም ይተርፋል።

አንድ የታደላችሁት ነገር ደግሞ አለ። ከዲሲ ጋር የ3 ሰዓት ልዩነት አለን፣ እዚ ንጋት 5 ሲሆን ሰውነታችሁ 8 ሰዓት ነው ብሎ ያስባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀን ሳትቀሰቀሱ ትነቃላችሁ፣ ልጆቹ ጭምር። ብዙ ሰው ይሄንን "ለማስተካከል" ይታገላል፣ መጋረጃ ዘግቶ አልጋ ላይ ይገላበጣል። እናንተ አታስተካክሉት። በዛ ሰዓት ተነስታችሁ ውጡ፣ ከሎሳንጀለስ የመጣው ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለ መንገዱም ዓለቱም ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት ሬድ ሮክ ካንየን ይሁን። ከስትሪፑ ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። ጠዋት 6 ላይ ይከፍታል፣ ፀሐይ የምትወጣውም ያኔ ገደማ ነው። ከኦክቶበር እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ በሰዓት የተቆረጠ ቀጠሮ ይፈልጋል፣ በጋ ላይ ግን ማንም ሰው አይመጣም ብለው ነው መሰለኝ ቀጠሮ የለም፣ ዝም ብላችሁ ትገባላችሁ። ውስጡ 13 ማይል የሆነ ባለአንድ አቅጣጫ መንገድ አለ፣ ለእናትሽ ይሄ ነው ደስ የሚለው፣ ሳይወርዱ ሁሉንም ያዩታል። መጀመሪያ ላይ ካሊኮ ሂልስ ጋ ቁሙ። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያ ድንጋይ የሚሆነውን ነገር ልነግርሽ አልችልም፣ በርበሬ የተሰጣ ይመስላል ብል ይቀርባል። ለልጆቹ ደግሞ ይሄንን ንገሪያቸው፦ ቀዩ ድንጋይ ድሮ የበረሃ አሸዋ ክምር ነበር፣ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቅላቱ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ነው። ከላዩ ያለው ግራጫ ድንጋይ ግን ከቀዩ ይልቅ በጣም ያረጀ ነው፣ ባህር ወለል የነበረ። ያረጀው ላይ፣ አዲሱ ታች። መሬት ተገፍቶ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ ነው፣ እና ይሄ ነገር በዓይን በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የ13 ዓመቱ ስልኩን ያስቀምጥ ይሆናል፣ ቃል አልገባም።

እግረ መንገዳችሁን ሲመለሱ በብሉ ዳይመንድ በኩል ብትዞሩ አህያ ታያላችሁ። አዎ አህያ። ድሮ ማዕድን ፈላጊዎች ጥለዋቸው የሄዱት ዘር ነው፣ ዱር ሆነው ቀርተዋል። ፈረንጅ መኪናውን ጥግ አቁሞ በደስታ እየጮኸ ፎቶ ሲያነሳ እናትሽ ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ፣ እኔ የወሰድኳቸው እናቶች ሁሉ "ለዚህ ነው አሜሪካ የመጣነው?" ነው የሚሉት። ምግብ ግን እንዳትሰጧቸው፣ ያስቀጣል፣ ደግሞም መኪና መጠበቅ ለምደው መንገድ ላይ እየተገጩ ነው የሚሞቱት።

ሬድ ሮክ መግቢያ በመኪና 20 ዶላር ነው። እዚ ጋ ግን እናትሽ ይጠቅሙሻል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላቸው ዕድሜያቸው ከ62 ስላለፈ ሲኒየር ፓስ ማውጣት ይችላሉ፣ የዓመቱ 20 ዶላር፣ የዕድሜ ልኩ 80። እሳቸው መኪና ውስጥ ካሉ ያ ካርድ ሁላችሁንም ያስገባል፣ ሬድ ሮክ፣ ሌክ ሚድ (የሁቨር ዳም ሐይቅ)፣ ዴዝ ቫሊ፣ ግራንድ ካንየን ሳውዝ ሪም፣ የፌዴራል የሆነ ሁሉ። መታወቂያቸውን ሆቴል ትታችሁ እንዳትወጡ ብቻ። ቫሊ ኦፍ ፋየር የስቴት ስለሆነ አይሰራም፣ ሁቨር ዳምም ለፓርኪንግ ለብቻው ነው የሚያስከፍለው።

ሁቨር ዳምን ሁለተኛው ጠዋት አድርጉት። መኪና 45 ደቂቃ ነው፣ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። አናቱ ላይ መራመድ ነጻ ነው፣ 8 ሰዓት ሳይሞላ ብትደርሱ ጥላ ታገኛላችሁ፣ ከዛ ቪዚተር ሴንተሩ ሲከፈት ቱር ቆርጣችሁ ወደ ውስጥ መውረድ ነው፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሰው አይቶት የማያስተውለው ነገር ላሳይሽ፦ ውሃው ውስጥ የቆሙት ማማዎች ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፣ አንዱ የኔቫዳ አንዱ የአሪዞና። በክረምት አንድ ሰዓት ይለያያሉ፣ እናንተ በምትመጡበት ጊዜ ግን አሪዞና ሰዓቷን ስለማትቀይር ሁለቱም እኩል ነው የሚቆጥሩት። የ9 ዓመቱን "ለምን?" በሉት፣ ቱሩ እስኪያልቅ ይይዘዋል።

ከዛ ያበሻ ቱሪስት ሁሉ የሚጠይቀኝን ባልሽ ደግሞ ይጠይቃል፣ "የኛ ይበልጣል?" አይበልጥም ይበልጣልም። በቁመት ሁቨር ነው፣ 221 ሜትር ነው፣ የኛ ህዳሴ ከዛ ያንሳል። በርዝመት የኛ ነው፣ ዋናው ግድብ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የሁቨር አናት 379 ሜትር ነው። ኃይል ሁቨር 2,080 ሜጋዋት፣ ህዳሴ 5,150። ውሃ ደግሞ የህዳሴው ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፣ ሌክ ሚድ ሞልቶ እንኳን የዛን ግማሽ አይሞላም፣ ያውም አሁን ሙሉ አይደለም፣ ዓለቱ ላይ የመታጠቢያ ገንዳ ቆሻሻ የመሰለ ነጭ መስመር ታያላችሁ፣ ውሃው ድሮ የነበረበት ነው። በ2022 በጋ ሐይቁ በ1930ዎቹ ከሞላ ወዲህ እንደዛ ወርዶ አያውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ አንዴ እዛ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ "ይሄ በጠባብ ገደል ነው የተሰራው፣ ቀለላቸው" ብለውኛል፣ ልክ ናቸው፣ ገደሉ ጠባብ ስለሆነ ነው አናቱን አጭር አድርገው ወደ ላይ ከፍ ያደረጉት። በ1931 ጀምረው በ1935 ሩዝቬልት መረቀው።

ከግድቡ ስትመለሱ ቀጥታ ቬጋስ አትሂዱ፣ ቦልደር ሲቲ ግቡ። ግድቡን ለሚሰሩት ሠራተኞች የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት፣ ኔቫዳ ውስጥ ሆና እስከዛሬ ቁማር ክልክል ነው። እዛ ሄመንዌይ ፓርክ ሚባል ተራ የሰፈር ፓርክ አለ፣ ዥዋዥዌ፣ ሳር፣ ከታች ሐይቁ ይታያል። በጋ ላይ የበረሃ በጎች ከተራራው ወርደው ሳሩን ሊግጡ እዛ ይመጣሉ። በጎች ስልሽ የኛን በግ አታስቢ፣ ወንዶቹ ቀንዳቸው የዋልያን ያህል ይከብዳል ግን ወደ ኋላ አይሄድም፣ ጆሮአቸው ላይ ተጠቅልሎ ይዞራል። ሃያ ሠላሳ ሆነው ልጅ መንሸራተቻው ጥላ ስር ይተኛሉ፣ ማንንም አይፈሩም። ከሆቴሉ ትርኢት ሁሉ ልጆች ሲያወሩ የምሰማው ስለነሱ ነው። ሁልጊዜ ይኖራሉ አልልሽም፣ ጠዋት ግን ዕድሉ ጥሩ ነው። ጠጋ አትበሉ፣ ከመኪናው ራቅ ሳትሉ በቃ።

ሦስተኛውን ቀን ሙሉውን ለተራራው ስጡት። አንቺ ዝርዝርሽ ውስጥ አላስገባሽውም፣ እኔ ግን ለእናትሽ ብዬ ከሁሉም የማስቀድመው እሱን ነው። ማውንት ቻርልስተን ይባላል፣ ከስትሪፑ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ጫፉ 3,632 ሜትር ነው፣ እናንተ ግን ወደ ጫፉ አትወጡም፣ መንደሩ ያለበት ጋ 7,500 ጫማ ገደማ ነው፣ እሱ ደግሞ በግምት የአዲስ አበባ ከፍታ ነው! ከተማ ውስጥ 108 ሲሆን እዛ 80ዎቹ ውስጥ ነው። ስትወጡ ቁልቋልና የበረሃ ቁጥቋጦ እያለቀ ጥድ ይጀምራል፣ ኤሲውን አጥፍታችሁ መስኮቱን ክፈቱት። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለው የተቀመጡ እናት መስኮቱ ሲከፈትና የጥዱ ሽታ ሲገባ "ውይ እንጦጦ" ብለው ቀና ይላሉ። ቁርስ ምሳ ምናምን ይዛችሁ፣ ጋቢ አንጥፋችሁ መዋል ነው። መግቢያው ላይ ያለው ቪዚተር ጌትዌይ አካባቢ ሜዳ የሆነ አጭር መሄጃ አለ፣ ጉልበት የሚያመው ሰውም ይችለዋል። በኦገስት 2023 የሂለሪ ማዕበል ጎርፍ እዛ ብዙ መንገድና ትሬይል አበላሽቶ ስለነበር የቱ ክፍት እንደሆነ ሠራተኞቹን ጠይቃችሁ ሂዱ። እናትሽ ደም ግፊት ስላለባቸው ከፍታው ላይ ቀስ ይበሉ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የመጡት እንጂ ከአዲስ አበባ አይደለም።

እዛው ካመሻችሁ ደግሞ አንድ ነገር ታተርፋላችሁ። እናንተ በምትመጡበት ሳምንት፣ ኦገስት 12 እና 13 አካባቢ፣ ፐርሲድስ ሚባለው የተወርዋሪ ኮከብ ጊዜ ነው። የቬጋስ መብራት ሰማዩን ሁሉ ያጠፋዋል፣ ተራራው ጀርባ ግን ጨለማ አለ። ጨረቃ ከሌለች ልጆቹ ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል።

አሁን ያልወደድሽውን ልንገርሽ። ዴዝ ቫሊን ሰርዢው። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አውቃለሁ። ከባህር ወለል በታች 86 ሜትር የሚወርድ ቦታ ነው፣ የኛ ዳናኪል ከሱ ይልቅ ይጠልቃል፣ ሙቀቱ ግን እዛ በ1913 ጁላይ 134 ፋራናይት ተመዝግቧል፣ ይሄ እስካሁን የዓለም ሪከርድ ተብሎ ነው የሚጠራው። ኦገስት ላይ መኪና ቢበላሽባችሁ ኔትወርክ በብዙው ቦታ የለም፣ ሙቀቱ በጣም ሲበዛ አየሩ ስለሚሳሳ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ራሱ መነሳት ያቅተዋል። ፌብሩዋሪ ላይ ኑ፣ እኔ ራሴ እነግርሻለሁ የት እንደምትቆሙ።

ግራንድ ካንየን ላይ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው ሁለት የተለያየ ቦታ መሆኑን ነው። ዌስት ሪም ከቬጋስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ የዋላፓይ ጎሳ መሬት ነው፣ በ2007 የተከፈተው የመስታወት ድልድይ ያለው እዛ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ ስላልሆነ ሲኒየር ፓስ አይሰራም፣ ለአምስት ሰው ዋጋው ይከብዳል። ፖስት ካርድ ላይ ያየሽው ግራንድ ካንየን ሳውዝ ሪም ነው፣ እሱ መሄጃ ብቻ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚያደርገው ሰው አለ፣ እኔም ደንበኛ ሲለምን አድርጌዋለሁ፣ ሌሊት 11 ላይ ስንመለስ ቫኑ ውስጥ የሚናገር ሰው የለም። ሌላ ጊዜ አንድ ሌሊት እዛው አድራችሁ እዩት። ከአራት ሌሊት ላይ አንዱን ቆርጣችሁ የተከፈለ ሆቴል ባዶ ትታችሁ ለማደር ካልጨከናችሁ በቀር ይቅር።

ቫሊ ኦፍ ፋየር ግን ይቻላል፣ በሁኔታ። በአራተኛው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እዛ ከሆናችሁ፣ ከሆቴል አንድ ሰዓት ነው፣ 4፡45 ላይ መነሳት ማለት ነው። በ1935 የተመረቀ የኔቫዳ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው፣ ሌላ ስቴት ታርጋ 15 ዶላር ነው፣ የኔቫዳ ታርጋ 10፣ ሬንታሉ የኔቫዳ ታርጋ ካለው 5 ዶላር አተረፋችሁ። ኢንስታግራም ላይ ያየሽው የተጠማዘዘ ባለመስመር ድንጋይ፣ ፋየር ዌቭ ሚባለው፣ በሙቀቱ ወራት ትሬይሉ ዝግ ነው፣ ልጆቹን ቀድመሽ አሳውቂያቸው። አትናደጂ፣ በጁላይ 2023 ሁለት ሴቶች እዛ ፓርክ በእግር ወጥተው በሙቀቱ ሞተው ተገኝተዋል። በመኪና እየዞራችሁ፣ እየቆማችሁ አስር አስር ደቂቃ እየወረዳችሁ እዩት፣ አትላትል ሮክ ላይ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው በድንጋይ የተቀረጸ ስዕል አለ፣ የዱር በግ የሚታወቀው ቀንዱን አይቶ ነው፣ ከሁለት ቀን በፊት ሄመንዌይ ላይ ያያችኋቸው ራሳቸው። 9 ሰዓት ላይ መኪናውን ወደ ከተማ አዙሩት።

ቀን ቀን ምን እናድርግ ላልሽው፣ እውነቱን ለመናገር ልጆቹ ፑሉን ከሰጠሻቸው ሌላ አይፈልጉም፣ ግን ከ12 እስከ 4 እሱም ያቃጥላል፣ የፑሉ ዳር ድንጋይ ባዶ እግር አያስረግጥም። ሰርከስ ሰርከስ ውስጥ አድቬንቸርዶም አለ፣ ጣራ ስር ያለ የመጫወቻ ፓርክ ነው፣ ለሁለቱም ዕድሜ ይሆናል። ማንዳሌይ ቤይ ሻርክ ሪፍ አለ። ፍላሚንጎ ሆቴል ጓሮ እውነተኛ ፍላሚንጎዎች በነጻ ይታያሉ፣ ቤላጂዮ ውስጥ ያለው የአበባ አዳራሽም ነጻ ነው፣ እናትሽ እዛ ይቀመጣሉ። ካዚኖ ውስጥ ኤሲው በጣም ነው የሚቀዘቅዘው፣ ውጪ 108 ውስጥ 70፣ ነጠላ ይያዙ። ሲጋራም ይጨሳል፣ ጭሱ የሚያስቸግር ሰው ካለ ፓርክ ኤምጂኤም ነው የማይጨስበት። ልጆች ካዚኖውን አቋርጠው ማለፍ ይችላሉ፣ ማሽን አጠገብ መቆም ግን አይፈቀድላቸውም፣ ስለዚ ባልሽ ሲሞክር ልጆቹን አቁመሽ ማሳየት የሚባል ነገር የለም።

ማታ 8 ሰዓት በኋላ ስትሪፑ። የቤላጂዮ ፏፏቴ ማታ በየ15 ደቂቃው ነው፣ ስፊሩን፣ ያንን ግዙፍ ባለመብራት ኳስ የመሰለ ሕንጻ፣ ከውጪ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። የሚራዥን እሳተ ገሞራ ድሮ ቪዲዮ ላይ አይታችሁ እንዳትፈልጉት፣ ሆቴሉ በጁላይ 2024 ተዘግቷል። ርቀቱ ደግሞ ያታልላል፣ ሆቴሎቹ በጣም ትልቅ ስለሆኑ ቀጣዩ አጠገብሽ ያለ ይመስልሻል፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ትሄጂያለሽ። ለእናትሽ ዲውስ ሚባለው ባለፎቅ አውቶቡስ አለ፣ 24 ሰዓት ይሰራል፣ ፎቁ ላይ ከፊት ቁጭ ብለው ከጫፍ ጫፍ ይዩት፣ ከማንኛውም ቱር ይሻላል። "ነጻ የሾው ቲኬት" ብሎ የሚያስቆማችሁ ሰው ታይምሼር፣ በዓመት ጥቂት ቀን የሚያርፉበት የሆቴል ድርሻ ማለት ነው፣ ሊሸጥላችሁ ነው፣ ግማሽ ቀናችሁ ይሄዳል። ላባ ለብሰው ፎቶ ኑ የሚሉትም በነጻ አይደለም፣ ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ አምባር የሚያስርልሽም መነኩሴ አይደለም። እናትሽ መነኩሴ ነው ብለው እንዳይሳለሙት።

ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን ሚኒባር ደግሞ እንዳትነኩት። አንዳንድ ሆቴል ሴንሰር አለው፣ ዕቃውን ስታነሺው ራሱ ይመዘግባል። አንዲት ደንበኛዬ የራሷን መድኃኒት ልታቀዘቅዝ ጠርሙሶቹን ገፋ አድርጋ ብታስገባ ስትወጣ የቢራና የቸኮሌት ሂሳብ መጣባት፣ ታግላ ነው የተነሳላት። ፍሪጅ ከፈለጋችሁ ለመድኃኒት ነው ብላችሁ ከታች ጠይቁ።

የባልሽ 100 ዶላር። ብላክጃክ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን ያንብብ፣ 3 ለ 2 የሚለው ጋ ይቀመጥ። 6 ለ 5 የሚለው በ10 ዶላር 12 ነው የሚከፍለው፣ ያኛው 15። ሩሌት ላይ ሦስት ዜሮ ያለበት ካየ ይለፍ፣ ቤቱ የሚወስደው ወደ 7.7 ፐርሰንት ነው፣ ሁለት ዜሮው 5.26። ካርዱን ክፍል ይተወው፣ የካዚኖ ኤቲኤም ኮሚሽን ጭካኔ ነው። እኔ 9 ዓመት ታክሲ ውስጥ "100 ብቻ ነበር ያልኩት" ሲባል ሰምቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ኤርፖርት ስንሄድ።

ጾሙን ለብቻው ላንሳው፣ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፣ እናትሽ እንደ ብዙ እናቶች ቅዳሴ እስኪያልቅ ወይ እስከ 9 ሰዓት፣ በኛ ማለቴ ነው፣ ውሃም ሳይቀምሱ የሚውሉ ከሆነ የጠዋቱን መውጣት ከመኪና ባይወርዱ ነው የምለው፣ ቀን ደግሞ ጭራሽ። ደም ግፊት መድኃኒታቸው የሚያሸና ከሆነ ሳይጠጡ እዚ አየር ውስጥ መቆም አደገኛ ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ይጠይቁ፣ እኔ ያጋጠሙኝ አባቶች መንገደኛና በሽተኛ ነሽ ውሃ ጠጪ ነው የሚሉት፣ ግን ከሳቸው አፍ ይስሙት፣ ካንቺ ቢሰሙ እሺ አይሉም። ምግቡ አያሳስብሽ። የሆቴል ቡፌ ለሳቸው አትክፈዪ፣ ሰላጣ ለመብላት ያን ሁሉ ዶላር። ዲኬተር ጎዳና አካባቢ ሂዱ፣ በ2023 ክላርክ ካውንቲ ሰፈሩን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በይፋ ሰይሞታል፣ በየያይነቱ፣ ሽሮ፣ ተልባ፣ ሱፍ ፍትፍት የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፣ ከስትሪፑ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ከታክሲ ሹፌሮች መሃል አንዱን በአማርኛ ጠይቂው፣ የቱ ቤት ዛሬ ትኩስ እንጀራ እንዳለው ያውቃል።

መኪናው ላይ፦ ከሬንታል ግቢው ሳትወጡ ኤሲውን አስር ደቂቃ አስነስታችሁ ኋላ ወንበር ድረስ ይቀዘቅዝ እንደሆነ እዩ፣ ጎማውንም እዩት። ርካሽ ኩለር ገዝታችሁ ማታ ማታ በረዶ ሙሉበት። ውሃ በሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ለናንተ አምስት ጋሎን ማለት ነው፣ ብዙ መስሎሽ አትቀንሺ። ቤንዚን ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። የመኪና ቀበቶው ብረት ፀሐይ ላይ ከቆየ የልጅ ቆዳ ያቃጥላል፣ ፎጣ ጣል አድርጉበት። ካርታውን ስልክ ላይ አውርዱት፣ ወረቀትም ያዙ። ኦገስት ከሰዓት በኋላ ደመና ከጠቆረ ከሸለቆና ከደረቅ ወንዝ ራቁ፣ ዝናቡ ሃያ ማይል ርቆ ዘንቦ ደራሹ እናንተ ጋ ይመጣል፣ ያንን እናትሽ ካንቺ በላይ ያውቁታል።

የምትመጡበትን ትክክለኛ ቀን ጻፊልኝ፣ ጨረቃዋን አይቼ የኮከቡን ማታ የትኛው ቀን ብታደርጉት እንደሚሻል እነግርሻለሁ። እናትሽ ደረጃ መውጣት ይችላሉ ወይ? አትላትል ሮክ ያለው ስዕል በብረት ደረጃ ነው የሚወጣው፣ ካልቻሉ ከታች ሆነው የሚያዩበትን ጥግ አሳይሻለሁ።